ሰው ባለመሞቱ የተወሰደው የእድራችን ገንዘብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦክቶበር 2012

ለተከበሩ የባለቤት አልባ ገንዘብ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ስልክ ስንደውል ከምታሰሙን ሙዚቃ እንደምንረዳው እርስዎም ባልደረቦችዎም ደስታ ላይ ናችሁ፤ ደስታችሁን ያብዛላችሁ። እኛም የጆርጂያ አቬኑ መረዳጃ እድር አባላት ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእንግሊዝኛ የላክናቸውንም ያነበበልን ስለሌለ ብዙ ልዩነት አያመጣም።

በቅድሚያ ገንዘባችንን ስለጠበቃችሁልን ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ገንዘብ ከሌባ የሚጠብቅ ብዙ አይተናል፤ ከገዛ ባለቤቱ እንዲህ አድርጎ የጠበቀ ግን እናንተን ብቻ ነው ያየነው።

ምናልባት የነገረዎት ሰው ከሌለ፣ እድር ማለት ሰው ሲሞት ለመቅበር፣ ሐዘንተኛውን ለማስተዛዘን፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነም ለመላክ አስቀድመው ገንዘብ የሚያዋጡ ሰዎች ማኅበር ነው። እኛ ስንመሠረት ሁላችንም አንድ ጊዜ አዋጥተን ባንክ አስቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት ብቻ ወጪ ተደርጎ የጎደለው እንዲተካ ተስማማን። ታዲያ እግዚአብሔር ይመስገንና ለዓመታት ማንም አልሞተብንም። ዘንድሮን አያልፉም ያልናቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ጠነከሩ። አቤቱታዬ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

አንደኛ፤ ባንኩ ገንዘቡ ሲገባም ሲወጣም ስላላየ ባለቤቱ ጠፍቷል ብሎ ለእናንተ አስረከበ፣ እናንተም ዓይናችሁን ሳታሹ ተቀበላችሁ። ክቡር ሆይ፣ ጥፋታችን ገብቶናል። በየጊዜው አንድ አንድ ሰው ብንገድል ኖሮ አካውንቱ ሕያው ሆኖ ይቆይ ነበር። ለወደፊቱ ዕጣ እናወጣለን።

ሁለተኛ፤ ማስጠንቀቂያ ልከንላችኋል ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ልካችኋል። ገንዘብ ያዣችን አቶ ገብረየስ፣ ታክሲ የሚነዱት፣ ደብዳቤው እጃቸው ገብቶ “ገንዘብ አለዎት” የሚለውን ገና ሲያዩ ቀደዱት። ምን ያድርጉ? ያን ሰሞን ገንዘብ ደርሶሃል በሚል ወረቀት ስንቱ የእኛ ሰው ተበልቶ ስለነበር፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ ወልደአምላክ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣላችሁ ሳታነቡ ቅደዱ፣ በዚህ አገር ማን ለማን ብሎ ነው ገንዘብ የሚሰጠው ብለው ሁላችንንም አስጠንቅቀውን ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ መሥሪያ ቤትዎ ጋሽ ወልደአምላክ መሳሳታቸውን አላሳየንም።

ባለፈው ወር፣ በሴፕቴምበር፣ ጋሽ ወልደአምላክ ራሳቸው አረፉ። አርሊንግተን ውስጥ በሚሠሩበት የመኪና ማቆሚያ፣ ሒሳብ በሚቀበሉባት ጠባብ ክፍል እንደተቀመጡ ነው ልባቸው ቀጥ ያለው። አስከሬናቸው አሌክሳንድሪያ ካለው ቀብር አስፈጻሚ ቤት፣ ፊውነራል ሆም ከሚሉት፣ ገባ፣ አቶ ገብረየስም ገንዘብ ሊያወጡ ባንክ ሄዱ። እናንተ በዚህ ምድር ላይ መኖራችሁን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ድረ ገጻችሁን ከፍተን የእድራችንን ስም ብናስገባ፣ “እንኳን ደስ አለዎት! ገንዘብዎ ተገኝቷል!” የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ። የጋሽ ወልደአምላክ ባለቤት እትዬ ታደለች ጥቁር እንደለበሱ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። መተርጎም አፍሬ፣ ትንሽ ጠብቁ ይላል አልኳቸው። አልዋሸሁም ለካ።

ሦስተኛ፤ ገንዘቡን ለማውጣት ሦስቱ ፈራሚዎች፣ ማለትም ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊዋ እኔ፣ መታወቂያችንን ይዘን ፊርማ አረጋጋጭ ኖተሪ ፊት በአካል ቀርበን እንድንፈርም አዘዛችሁ። ሁለታችን ቀርበን ፈረምን። ሦስተኛው አሌክሳንድሪያ በረዶ ቤት ውስጥ እንደሚገኙ ለሠራተኛዎ ባስረዳት፣ ከልቧ አዝና፣ እንግዲያው ሲመቻቸው ይምጡ አለችኝ። የሞት ምስክር ወረቀታቸውን ላክን። አዲስ ሊቀመንበር የመረጣችሁበትን ቃለ ጉባኤ አምጡ አላችሁ። መርጠን ላክን። ቃለ ጉባኤው በመዝገባችን የሚታወቀው ሊቀመንበር ካልፈረመበት አይጸናም ብላችሁ መለሳችሁት። ወይ ጉድ! ሰውዬውን ለመቅበር የሰውዬው ፊርማ! እኛ በየበሩ ስናንኳኳ መልሶ የሚከፈትልን የገባንበት በር ሆነብን።

አራተኛ፤ እድሩ በሥራ ላይ ያለ ማኅበር ስለመሆኑ ማስረጃ ጠየቃችሁን። ሥራችን መቅበር ነው፤ እንዳንቀብር የያዛችሁን እናንተ ናችሁ። ቢቸግረን የአባላት መዝገባችንን አስተርጉመን፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ አድራሻና ክፉ ቢያገኘው የሚጠራለትን ዘመድ ስልክ ጨምረን ላክን። ተቀብለናል፣ እናጣራለን የሚል መልስ መጣ። እግዜር ይስጥልን፤ የመጀመሪያው መልስ ስለነበር ተቃቅፈን ነው ያነበብነው።

ከኪሳችሁ ለምን አታዋጡም ይሉኝ ይሆናል። እሱንም አድርገናል። ፌርፋክስም ውድብሪጅም ዞረናል፣ ሰው ከኪራዩ ላይ ቀንሶ ሰጥቶናል፤ ግማሹም አልሞላ። ፊውነራል ሆሙ ደግሞ ሒሳቡ ተሟልቶ ካልተከፈለ አስከሬኑን አይለቅም፤ በቆየ ቁጥርም ሒሳቡ እየጨመረ እኛ ስንሮጥ እሱ ይቀድመናል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። የጋሽ ወልደአምላክ እናት እማማ የዓለምዘርፍ ደብረ ብርሃን አሉ። ከእሳቸው ሌላ ልጅ የላቸውም፤ የልጃቸውን መሞትም አያውቁም። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ አይነገርም። አስከሬኑ የሚገባበት ቀን ሲቆረጥ፣ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ማልደው ቤታቸው ሄደው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው ነው የሚያረዷቸው። ቀኑ ሳይታወቅ ቢነገራቸው ያልመጣ ሬሳ ሲጠብቁ ያልቃሉ። ስለዚህ እዚህ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ማንም ሰው ፌስቡክ ላይ አንዲት ቃል እንዳይጽፍ አስምለን ነው። እማማ ግን እሑድ እሑድ ይደውላሉ። እትዬ ታደለችም ሥራ ገብቷል፣ ተኝቷል፣ መኪና እየነዳ ነው ይላሉ። ባለፈው እሑድ እማማ፣ ልጄን ምን አስቀይሜው ነው ድምፁን የነፈገኝ ብለው አለቀሱ። እትዬ ታደለች ስልኩን ዘግተው መታጠቢያ ቤት ገቡና ልጆቹ እንዳይሰሟቸው ውኃውን ከፍተው ጮኹ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ የራሳችንን ገንዘብ ለአንድ ቀብር ያህል እንዲያበድሩን ነው። የተረፈውን መልሳችሁ ጠብቁት፤ በጥበቃችሁ ላይ ምንም ጥርጥር የለንም።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ማኅተምዎን አያሳጣዎ፣ እርስዎንም ከራስዎ መሥሪያ ቤት ደጅ ከመጥናት ይሰውርዎ እያልኩ፣ በተሰለፍኩበት ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ተናኘ ተሻገር
የእድሩ ጸሐፊ፣ በሕይወት ያለች ፈራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም ለጋዜጣም ልልክ ስል እትዬ ታደለች እያለቀሱ ደወሉልኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ትጉህ ሠራተኛ መዝገባችንን ሲያጣራ እዚያ ባገኘው የዘመድ ስልክ ደብረ ብርሃን ደውሎ፣ በአስተርጓሚ አማካይነት፣ እማማ የዓለምዘርፍን የልጃቸውን የሞት ቀን እንዲያረጋግጡለት በትሕትና ጠይቋቸዋል። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ቀኑን ሊነግሩት ባለመቻላቸውም “ቤተሰብ አላረጋገጠም” ተብሎ ማመልከቻችን ተመልሷል። እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር ያለነውን እኛን ለዓመታት ፈልጋችሁ ስታጡን፣ እሳቸውን በአንድ ስልክ አገኛችኋቸው። መርዶ ማርዳት የእድርተኛ ሥራ ነውና መሥሪያ ቤትዎን በአባልነት መዝግበነዋል። የመግቢያ መዋጯችሁን ከያዛችሁት ገንዘብ ላይ ቀንሱ፤ ቀብሩ ላይ ግን እንዳትመጡ።