እራት ወይስ መቆያ

መርሳ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣

በክርክር አንድም ቀን ላላሸነፍኳት ሚስቴ፣ ለናጅዋ፤

እንደምን ከረምሽልኝ ሆዴ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፈይሩዝ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ሊደርስ ነው፤ ባለፈው ዓመት የገዛሽላት ቀሚስ ጉልበቷን አልፎ ሽቅብ እየሸሸ ነው። ኡበይደላ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ሲስቅ በሩ የተረሳ ቤት ይመስላል፤ እሱ ግን ትልቅ ሰው የሆነ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ይውላል።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክማ አልሆነልኝም። አርብ አርብ ማዳምሽ ስልክሽን ስትሰጥሽ፣ እኔ ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንቺ ጠይቀሽ፣ ራስሽ መልሰሽ፣ ተቆጥተሽ፣ ታርቀሽ ትጨርሻለሽ። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። የጎረቤታችን የማሚቴ ልጅ ራሄል እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እናትሽ ካዘጋጁልሽ ድርቆሽ ጋር ይዛልሽ ትመጣለች። ከረጢቱ ጎደል ብሎ ብታገኚው ራሄልን እንዳትጠረጥሪያት። ሌቦቹ እኛ ነን። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ያን አርብ መቼም አትረሺውም። ኡበይደላን "ትናንት ማታ ምን በላችሁ?" ብለሽ ጠየቅሽው። "እንቁላል በዳቦ" አለሽ። "እሱስ ይሁን፤ እራት ምን በላችሁ?" አልሽው። ልጁ ግራ ገብቶት እኔን እኔን አየ። "ነገርኩሽ እኮ!" አለሽ። አንቺ ዝም አልሽ። የዝምታሽን ዓይነት ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ያኛው ለእናትሽ የሚደወልበት ዝምታ ነበር።

አልተሳሳትኩም። ሰኞ ዕለት እማ ሁሪያ ከውርጌሳ በሚኒባስ ከች አሉ። ላንቺ አንድ ከረጢት ድርቆሽ፣ ለልጆቹ የማሽላ እሸት፣ ለእኔ ደግሞ የተቋጠረ ፊት ይዘው ነበር የመጡት።

"ልጄ ሙስዐብ" አሉኝ፣ ገና ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ። "አንተን አልወቅስም። ቀኑን ሙሉ ከውሃ ሞተር ጋር ሲታገል የዋለን ሰው ወጥ ሥራ ማለት ግፍ ነው። ግን የልጅ ልጆቼ እራት በሌለበት ቤት ሲያድጉ ቁጭ ብዬ አላይም። ሐሙስ ይዣቸው እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት እንደሁ ውርጌሳም አለ።"

አማት ናቸው፣ ምን እላለሁ? "እንዳሉ ይሁን" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ናጅዋ፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ ፈራሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህ ቤት ቤት የሆነው በእነዚህ ልጆች ጫጫታ ነው። እነሱ ከሄዱ እኔ የሞተር መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ የምመለሰው ወደ ማን ነው?

"እማ ሁሪያ፣ እራትማ እንበላለን" አልኳቸው።

"እስቲ አያለሁ" አሉ።

ፈተናው የዚያኑ ዕለት ማታ ተጀመረ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሽንኩርትና ቲማቲም ከታትፌ እንቁላል መታሁበት፤ ፈይሩዝ ከማሚቴ ሱቅ ትኩስ ዳቦ አመጣች፤ አራታችንም በትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ምጣዱ ከተጣደ ገና ሻይ እንኳን የሚፈላበት ጊዜ አላለፈም ነበር። እናትሽ ምግቡን አልናቁም፤ የትሪውን ጠርዝ ሳይቀር በዳቦ ጠረጉት። በልተን ስንጨርስ ልጆቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። የእናትሽን ዱዓ ታውቂው የለ? ከዝናቡ ይነሳሉ፣ ወደ ከብቱ ይሻገራሉ፣ የታመመውን፣ መንገደኛውን፣ ነፍሰ ጡሯን አንድ በአንድ ያነሳሉ፤ ማንንም አይረሱም። ልጆቹ አያታቸው በመጡ ቁጥር ከምግቡ ይልቅ የሚጓጉት ለዚያ ነው። ፈይሩዝ ስሟ እስኪጠራ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትጠብቀው።

እማ ሁሪያ ግን እጃቸውን ታጠቡና ተነሡ።

"እምዬ፣ ዱዓውስ?" አለ ኡበይደላ።

"ዱዓ የእራት ነው ልጄ። ይሄ መቆያ ነው።"

ኡበይደላ የተዘረጋ መዳፉን አየት አድርጎ ሱሪው ላይ ጠረገው።

ማክሰኞ "ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ!" ብዬ ሱቄን ገና በጊዜ ዘጋሁ። ዶሮ ገዛሁ፣ ራሴ ቢስሚላህ ብዬ አረድኩ፣ በለትኩ። አንቺ "ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ ብትጨምር ወየውልህ" ያልሽኝን እንደ ቁርዓን አንቀጽ በቃሌ ይዤ ከምድጃው ፊት ተጎለትኩ። ሽንኩርቱ ግን ሊደርስ ነው? ከሰሉ እርጥብ ነው መሰለኝ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ልጆቹ እየመጡ "ደረሰ?" ይላሉ፤ እኔ "አሁን፣ አሁን" እላለሁ። ፈይሩዝ ደጋግማ መጣች፤ ቆይታ ቀረች። ኡበይደላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሽታውን ሲምግ ቆየና እሱም ቀረ።

ወጡ ደርሶ ትሪውን ይዤ ስገባ ፈይሩዝ ደብተሯ ላይ፣ ኡበይደላ ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል። ብቀሰቅሰው ኡበይደላ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ያጎረስኩትን እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ አላመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔና እናትሽ ያን ሁሉ ወጥ መሀላችን አድርገን ፊት ለፊት ተፋጠን ቀረን። አማትና አማች ሆነን ምን እናወራለን? ወጡ ግን ወጥ ነበር፤ በእሱ አልታማም። ስንጨርስ እንደ ልጆቹ መዳፌን ዘርግቼ ጠበቅሁ።

እማ ሁሪያ እጄን አዩ፤ ከዚያ የተኙትን ልጆች አዩ።

"አሚን የሚለኝ ማነው?" አሉ።

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"ያንተ አሚን ብቻውን ቤት አይሞላም" ብለው ተነሡ። በቁጣ አልነበረም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። ልጆቹ የዶሮውን ወጥ በማግስቱ ለቁርስ በሉት። ኡበይደላ ትምህርት ቤት ሄዶ "እኛ ቤት እራት የሚበላው ጠዋት ነው" ብሎ አወራ አሉ።

ረቡዕ የመጨረሻዬ ቀን ነበረች። ዛሬስ በጊዜ ገብቼ ሽሮም ቢሆን ሠርቼ ሳይተኙ አበላቸዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ከሲሪንቃ ወዲያ ያለ አንድ ገበሬ ሞተሩ ቆሞበት፣ ችግኙ በፀሐይ ሊያልቅበት ነው ብሎ መጣ። እንዴት እምቢ ይባላል? ሄድኩ። ሞተሩ አልነሣ እያለ ሲያስለፋኝ ውሎ፣ እጄ በናፍጣ እንደተነከረ ቤት ስደርስ መሽቷል። ከበሩ ጎን የልጆቹ ልብስ በነጠላ ተቋጥሮ ተቀምጧል። እማ ሁሪያ ጓዳ ገብተው ይሰግዳሉ። እንጀራ የምትሸጥልን ሴትዮም ጨርሳ ገብታለች። "በቃ አለቀልኝ" አልኩ በልቤ።

ፈይሩዝን ፈልጌ ኩሽና ብገባ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላለች። ሽንኩርት ጠብሳ፣ በርበሬና ዘይት አድርጋ፣ ውሃ ጠብ አድርጋበት ድርቆሽ ትፈረፍራለች። ኡበይደላ ትሪውን አቅፎ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ያንቺ ከረጢት አፉ ተፈቷል።

ልናገራት አፌን ስከፍት እናትሽ ከኋላዬ ደረሱ።

"የናጅዋን ስንቅ!" አሉ ደንግጠው። "ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውን!"

"እምዬ፣ ትንሽ ነው የወሰድኩት" አለች ፈይሩዝ፣ ማንኪያውን ሳትለቅ። "እማዬም ማታ ማታ የምትበላው ይሄንኑ ነው። እንዴት እንደምትሠራው በስልክ ጠይቄያት ነግራኛለች።"

"እና እሷ ለመቆያ የምትበላውን ለእራት ልታቀርቢ ነው?"

"መቆያ አይደለም፤ እራቷ ነው። ሰዎቹን አብልታ፣ ዕቃውን ሁሉ አጥባ ስትጨርስ ትሠራዋለች። ቶሎ ስለሚደርስላት ነው። ኩሽና ውስጥ ቆማ ትበላውና ትተኛለች።"

ናጅዋ፣ ድርቆሹን አውቅ ነበር። መቆምሽን ግን ለእኔም አልነገርሽኝም።

እማ ሁሪያ በሩን ተደግፈው ቆዩ። "ቆማ?" አሉ። ፈይሩዝ "አዎ" አለች። "ብቻዋን?" አሉ። አሁንም "አዎ" አለች። ከኡበይደላ እጅ ትሪውን ተቀብለው ራሳቸው አቀረቡት፣ ፍርፍሩንም ራሳቸው ገለበጡበት። እኔ እጄን ታጥቤ ስመለስ ቦታ ለቀውልኝ ነበር። "ኑ፣ ቅረቡ፣ ቢስሚላህ በሉ" አሉ። ፈይሩዝን አጎረሱ፣ ኡበይደላን አጎረሱ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ካገባሁሽ ጀምሮ ከእናትሽ እጅ ስጎርስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጨው በዝቶበት ነበር። ፈይሩዝ እንዳትሰማ እንጂ በጣም ነው የበዛው፤ እኛ ግን ፍርፋሪ አላስቀረንም።

ጨርሰን ኡበይደላ ሊነሣ ሲል እማ ሁሪያ በሸሚዙ ያዙት።

"ወዴት ነው? ዱዓ ሳይደረግ?"

"መቆያ አይደለም እንዴ?"

"ማነው መቆያ ያለው?" አሉት። "የልጄ እራት ነው።"

መዳፋቸውን ዘረጉ። በዚያን ቀን ዝናቡንም ከብቱንም አልጠሩም። "ያ ረቢ" አሉ፣ "እኛ ተቀምጠን ልጄ ቆማ እንደምትበላ አላወቅሁም ነበር። ቆመው የሚበሉትን ሁሉ አስቀምጥልን። ብቻዋን የምትጎርሰውን ከአጉራሾቿ መሀል አድርግልን። ለእራት አድርስልን። የተሠራው ምንም ይሁን ምን፣ ለእራት አድርስልን።" ሁላችንም አሚን አልን።

ሐሙስ ጠዋት ቋጠሮውን ራሳቸው ፈትተው የልጆቹን ልብስ እያጣጠፉ ወደ ቦታው መለሱት። ነጠላቸውን አራግፈው ለበሱና "በሉ ትምህርት እንዳይረፍድባችሁ" አሏቸው። ልጆቹ እዚሁ ናቸው። አሁን ይህን ስጽፍልሽ እንኳን ባንዲት እርሳስ እየተጣሉብኝ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የእኛና የጅዳ ሰዓት አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ሥራሽን ስትጨርሺ፣ ቢሆን ወንበር ላይ፣ ባይሆን መሬት ላይ፣ ብቻ ተቀምጠሽ ብይልኝ። በዚያ ሰዓት እኛም እንቁላልም ይሁን ሽሮ ያገኘነውን በልተን ዱዓ እያደረግን ነው። ዱዓውን የምታደርገው ፈይሩዝ ናት፤ እንደ አያቷ ታረዝመዋለች፤ የማሚቴን ድመት እንኳን አትረሳም። ያንቺ ስም መጀመሪያ ነው የሚጠራው።

ኮንትራትሽ ረመዳን ሳይገባ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ማዳምሽ "አድሺልኝ" እንዳለችሽ፣ አንቺም "አስብበታለሁ" እንዳልሻት ነግረሽኛል። ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ለቤታችን ብለሽ እንደሄድሽ አውቃለሁ፤ የሚሻለውንም አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ነይም ቅሪም አልልም። እናትሽ ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲሉ ያሉኝን ብቻ ልንገርሽና ልጨርስ።

ዕቃቸውን አቀብያቸው ልመለስ ስል በመስኮት እጄን ያዙኝ። "ሙስዐብ ልጄ፣ ማክሰኞ ያልኩህን አፉ በለኝ" አሉኝ። "ትናንት አሚን ስትል ሰምቼሃለሁ። የሁለቱን ልጆች ድምፅ ዋጥከው እኮ።"

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። እንዲያ መጮኼን አላወቅሁም ነበር፤ ጅዳ ድረስ ተሰምቶ ከሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የምትጎርሺውን ሁሉ ጤና ያድርግልሽ። ልጆቹ ጉንጭሽን ስመውሻል።

በሄድሽበት ሁሉ ልቡ የሚከተልሽ፣
ሙስዐብ