ላብ እንዳይነካው የተቆለፈው የካርድ መንቀያ

ለክቡር አቶ ውድነህ፣
የባሕር ራዲዮ ጣቢያችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፤
አሰብ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ የአሰብ ሙቀት እርስዎንም፣ በመስታወት ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ቫዝሊን ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚያርፈውን የካርድ መንቀያም እንዳይነካብን ዘወትር እጸልያለሁ።

ደብዳቤውን በጣቢያው በር ላይ ስለምለጥፈው፣ ለአላፊ አግዳሚው ነገሩን ላስረዳ። የራዲዮው ሆድ ዕቃ በብረት መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ስስ ሰሌዳዎች ነው፤ እኛ ካርድ እንላቸዋለን። መንቀያው ደግሞ የካርዱን ጠርዝ ቆንጥጦ፣ ሳያጣምም ስቦ የሚያወጣና መልሶ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከውጭ አገር ሲመጣ ለእኛ ለጥገና ሠራተኞች የመጣ መስሎን ተደስተን ነበር፤ ሞኝነታችንን ይቅር ይበሉን።

፩ኛ/ የአሰብ ሰው ላብ ጨዋማ ነው፣ ብረት ያዝጋል፣ መሣሪያውም በዓመቱ ቆጠራ አዲስ ሆኖ መገኘት አለበት ብለው የቆለፉበት ዕለት ጥንቃቄዎን አድንቄያለሁ። እውነትም እስከ ዛሬ አንዲት ካርድ አልነቀለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

፪ኛ/ ባለፈው ሳምንት የራሔይታው ዓሣ አጥማጅ ከሊፋ ከነጀልባው በጠፋ ጊዜ፣ ባለቤቱ አሊማ በራዲዮ መርከቦችን ጠርተን እንድናፈላልግላት ልትለምነን መጣች። ራዲዮው ግን አንድ ካርድ ተቃጥሎበት ዝም ብሏል። መለዋወጫው በእጃችን ነበር። መንቀያውን ለመንኩዎ፤ መዳፌን ተመልክተው ላብ ነው ብለው ከለከሉኝ። በፒንሳ ብጎትተው የካርዱ ጫፍ ተሰብሮ መሰኪያው ውስጥ ቀረ፤ አዲሱም መግቢያ አጣ። አሊማ በራችን ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ትታ እኔን ታይ ነበር። ወይ ውርደት!

፫ኛ/ ይህኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከሊፋን ማንም ሳይጠራው በዚያ ያልፍ የነበረ ጨው የጫነ መርከብ በዕድል አገኘው። እሱ ግን አሊማን ገና ሳያገኝ፣ እኛ የጠራንለት መስሎት፣ ፊቱ በፀሐይ እንደተላጠ፣ ትልቅ ዓሣ ተሸክሞ ሊያመሰግነን መጣ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እውነቱን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ክቡርነትዎ ቀድመው ግዴታችን ነው አሉት፤ ዓሣውንም በሁለት እጅዎ ተቀበሉት። እኔ እንደ እርስዎ ዓይኔን በጨው መታጠብ አልቻልኩበትምና አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እስካሁንም ቀና አላልኩም።

ስለ ንብረት ፍቅርዎ እያመሰገንኩ፣ ነፋሱ እየበረታ ስለሆነና ባሕሩ ላይ ሌሎች ከሊፋዎች ስላሉ፣ ቁልፉን እንዲሰጡን በትሕትና እለምናለሁ። መሣሪያው ይዛግ፤ እኛ አንፈር።

ከቁም ሣጥንዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ይህንንም መዳፌን በጨርቅ አድርቄ የፈረምኩ፣
ውብሸት አሥራት፣ የራዲዮ ጥገና ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለአሊማ አንብቤላታለሁ። መንቀያው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። መዳፌን ዘርግቼ ይህን ያህል ነው አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ነገ መጥታ በዓይኗ ልታየው ትፈልጋለች። በመስታወቱ በኩል ያሳዩአት እንጂ እንዳትነካው አደራ፤ እንባም ጨው አለውና ይዝግብዎታል።