ከጣሪያው ጠብታ ሥር ያየሽው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ቁልቁለት ስወርድ ይይዘኛል ያልሽኝ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ ብለሽ ዋጥ አደረግሽው? እማዬ እንዴት ናት? የላክሁላትን መነጽር ታደርገዋለች ወይስ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ለእንግዳ ብቻ ነው የምታወጣው? ባለቤትሽና ልጆችሽ፣ ያቺ በጥባጭ ላም እንኳ ሳትቀር፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ምነው ድምፅሽ ተዘጋ ስትዪኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በስልክ ብነግርሽ ቶሎ ብለሽ ተይው ምን አለበት እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እኔም ቶሎ ብዬ እሺ እልሽ ነበር። እስክጨርስ እንዳታቋርጪኝ ብዬ በጽሑፍ አደረግሁት።

እማዬ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት ተምራ ተምራ አፈር ታደርቃለች ነው የምትለው አይደል? እውነቷን ነው። የምንሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በአቧራ በደበዘዘ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። ከየማሳው የተዘገነ አፈር በከረጢት ይመጣልናል። በትሪ ዘርግተን እናደርቀዋለን፣ እንወቅጠዋለን፣ እንነፋዋለን፤ ከዚያ በኋላ ተክሉ የራበው ምን እንደሆነ ከአፈሩ ውስጥ እንፈልጋለን። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሽያን አለ። ሁላችንም ወንፊቱ ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት አፈር ስለነፋ ብቻ አይደለም፤ ምንም ነገር ሳያይ ስለማያሳልፍም ነው። እሱን ያነሣሁት ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ ለዕረፍት የመጣሁበትን ክረምት ታስታውሺዋለሽ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። በቆሎው ቀጭጮ፣ ቅጠሉ መሃል ለመሃል ነጭ ሰንበር አውጥቶ ነበር። ባለቤትሽ እንግዲህ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው ብሎ ወደ ማሳው ወሰደኝ። እኔ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ዳር ቆሜ አየሁና ማዳበሪያ አንሶታል፣ ጨምሩበት ብዬ ፈረድኩ። ያላችሁን ሁሉ ጨመራችሁ። ጭራሽ ባሰበት። ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያ ማዳበሪያ ሲበዛ ተክሉ የጎደለውን ነገር ከአፈር እንዳይወስድ ያግደዋል። ያኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝናቡ ነው የጎዳው አልኳችሁ።

አንቺ እጄን ይዘሽ ወደ ዕቃ ቤቱ ጓሮ ወሰድሽኝ። የቆርቆሮው ጣሪያ በሚያንጠባጥብበት መስመር ላይ ማንም ሳይዘራቸው የበቀሉ ስድስት ሰባት በቆሎዎች ነበሩ። ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመታቸው የማሳውን እጥፍ። «አየሽ፣ ዘሩ ያው ነው፣ መሬቱም ያው ነው። ውሃ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ማሳው ዳር ያሉትን ከጉድጓድ እየቀዳሁ አጠጥቼ አየሁ፤ አልሆነም። ይሄ ቆርቆሮ የሆነ ነገር ይሰጠዋል» አልሽኝ። እኔ በትምህርት ቤት ማወዳደሪያ ሳይኖር ምርመራ የለም እየተባልኩ አራት ዓመት የተማርኩትን ነገር አንቺ በባልዲ ሠርተሽው ነበር። አልገባኝም። ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

ሳቅሁ። እዚያው ብስቅና ቢበቃኝ ምን ነበረበት። በማግሥቱ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው በተቀመጡበት እህቴ በቆሎ ቆርቆሮ ይበላል ትላለች ብዬ አወራሁት። ሁሉም ሳቀ፣ ባለቤትሽም ሳቀ። አንቺ ፈገግ ብለሽ የተበላበትን ሰሃን ሰብስበሽ ወደ ውስጥ ገባሽ። «ቆርቆሮ» የሚለውን ስም ያወጡልሽ ያን ዕለት ነው። ለስንት ዓመት በመንገድ በገበያው ሲጠሩሽ እንደኖሩ እማዬ እየሳቀች ነግራኛለች፤ እኔም አብሬያት ስቄያለሁ።

እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ልሄድ በተነሣሁበት ጠዋት አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ ጠብቄ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከጠብታው ሥር አንድ ከረጢት፣ ከማሳው መሃል አንድ ከረጢት አፈር ዘገንኩ። ማንም እንዳያየኝ እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልኩ ነው። የተደበቅሁት ያሳቅሁበት ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ መጠርጠሬ እንዳይታወቅብኝ ይመስለኛል።

ላቦራቶሪ ገብቶ ውጤቱ ሲወጣ ነገሩ አንቺ እንዳልሽው ሆነ። ቆርቆሮ እንዳይዝግ ዚንክ በሚባል ነገር ይለበጣል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲያጥበው ከዚያ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይዞ ይወርዳል። ተክል ዚንክ የሚፈልገው በጣም ትንሽ ነው፤ እኛ ወጥ ውስጥ እንደምንጨምረው ጨው ያህል ቢሆን ነው። ያቺ ትንሽ ከሌለች ግን እንደዚያ ነጥቶ ይቀጭጫል። ከማሳው መሃል ባመጣሁት አፈር ውስጥ ዚንክ የለም ማለት ይቻላል። ከጠብታው ሥር ባመጣሁት ግን ሞልቷል።

ያን ቀን ወረቀት አውጥቼ «እትዬ፣ ልክ ነበርሽ» ብዬ ብጽፍልሽ ሦስት ቃል ነበር። መጀመሪያ ላረጋግጥ አልኩ። በገል ዕቃ ዘርቼ ሞከርኩ፣ ቀጥሎ በሰፊ ማሳ ሁለት ዓመት ሞከርኩ። ሲረጋገጥ ደግሞ ለምርምር መጽሔት ጻፍኩት። «ተመራማሪዋ በአንድ እርሻ ጓሮ ባደረገችው ምልከታ» ይላል ጽሑፉ። ተመራማሪዋ እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ሁሉ ያንን እንዳወራላቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ሰው ይወደዋል። እያደር እኔም አሳመርኩት። ዝናብ ጨመርኩበት፤ ከጣሪያው ሥር ተጠልዬ ቆሜ ድንገት ዓይኔ በቆሎው ላይ ያረፈ አደረግሁት። ብዙ ጊዜ ከማውራቴ የተነሣ፣ እትዬ፣ ያ ያልነበረ ዝናብ ትከሻዬን ሲያረጥበኝ ይታወሰኝ ጀምሮ ነበር።

ለእናንተም ዱቄቱን ላክሁ። በውሃ በጥብጣችሁ እርጩት፣ እኔ ያገኘሁት ነገር ነው ብዬ ጻፍኩ። ማሳው ሲያገግም የምስጋና ደብዳቤ ላክሽልኝ። ከዱቄቱም ለነዚያው ለሳቁብሽ ጎረቤቶች እህቴ የላከችው ነው እያልሽ አካፈልሽ። እኔ ነግሬሽ አልነበር ወይ አላልሽኝም። አንድ ቀን ብትሰድቢኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ወይስ ጎበዝ የተባለች እህትሽ አታውቅም እንዳትባል ብለሽ ነው ዝም ያልሽው? እስከ ዛሬ ይህን አስቤ እንኳ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ወንፊቱ ልመለስ። ዘንድሮ ጡረታ ስለሚወጣ የናሙና መጋዘኑን እያጸዳ ነው። በደንባችን አሥር ዓመት ያለፈው አፈር ይደፋል፤ ግን ያመጣው ሰው መፈረም አለበት። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት ሁለት የገረጡ ከረጢቶችና አንድ ፎርም ይዞ መጣ። አንደኛውን ከረጢት ጽሑፉ ወደ እኔ እንዲዞር አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። በእርሳስ፣ በራሴ እጅ፣ «እትዬ ያሳየችኝ፤ ከጣሪያ ጠብታ ሥር» ይላል። እንዲህ ብዬ መጻፌን ረስቼው ነበር። ወንፊቱ ወሬዬን በየስብሰባው አዳራሹ ጥግ ቆሞ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። «ይህን ልድፋው?» አለኝ።

ፈረምኩ። እሱም እሺ ብሎ ከረጢቶቹን አንሥቶ ወጣ።

ሩብ ሰዓት ያህል የጀመርኩትን ትሪ ስነፋ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ከሕንፃው ጀርባ አፈር የሚደፋበት ክምር አለ። ወንፊቱ ቧንቧው ጋ እጁን ይታጠባል። ክምሩ ላይ ቀዩም ጥቁሩም ግራጫውም ተደበላልቋል። የቱ ጋ ደፋኸው አልኩት። ምኑን አለኝ። «የእህቴን» አልኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እጁን በጋዋኑ እያደረቀ እህትሽ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለች አልኩት። «እንግዲያው ከክምሩ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎኝ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። ጓሮው በኩል የሚያልፉት የሥራ ባልደረቦቼ የሆነ ነገር የጣልኩ መስሏቸው አብረውኝ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

በዚያው ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ ለማድረግ ኮሚቴ ፊት ጠሩኝ። አምስት ሰዎች ናቸው። ሥራሽን አስረጂን ሲሉኝ ያንን ነገር ያየችው እህቴ ናት፣ እኔ ስቄባት ኋላ የራሴ አደረግሁት ብዬ ነገርኳቸው። ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ፈገግ አለና ሁላችንም ከገበሬ እየሰማን አይደል የምንሠራው፣ እህትሽም ብትሰማ ትኮራለች እንጂ ምን ትሆናለች አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሹመቱንም ሰጡኝ። ከገባሁበት የባሰ አፍሬ ወጣሁ። በነሱ ላይ ያጠፋሁት ነገር ስለሌለ ይቅር ማለቱ ቀለላቸው። እኔም ለካ የሄድኩት ቀላሉን ደጅ መርጬ ነው።

ስለዚህ ለመጽሔቱ እርማት እንዲያወጡ ጻፍኩ። ሦስት ነገር ላኪልን ብለው መለሱልኝ። እህትሽ ስሟ እንዴት እንዲጻፍ ትፈልጋለች፣ መውጣቱን ትፈቅዳለች ወይ፣ ደግሞ መጀመሪያ መቼ እንዳየችው፣ ስንት ክረምት እንደተከታተለችውና ምን ምን እንደሞከረች በራሷ አንደበት ትንገረን አሉ። ሦስተኛውን ልሞላ እስክሪብቶ አንሥቼ ቆምኩ። አላውቀውም። በየአዳራሹ ሳወራው የኖርኩትን ነገር ከሥሩ አላውቀውም። ስንት ቀን ውሃ እንደቀዳሽ፣ ከኔ በፊት ለማን እንደነገርሽ፣ ስንቱ እንደሳቀብሽ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

አፈር ስሆን ብዬ እለምንሻለሁ፣ ያውም የአፈር ባለሙያ ሆኜ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱ አንቺ በወደድሽው ጊዜ፣ ከወደድሽ ነው። የምለምንሽ እነዚህን ሦስቱን እንድትመልሺልኝ ነው። ስሜ አይነሣ ካልሽም አይነሣም፤ ያኔ ያየሁት እኔ እንዳልሆንኩ ብቻ ጽፌ አወጣለሁ። ልትቆጪኝ ካሰብሽ ደግሞ ሳታሳጥሪ ተቆጪኝ። አዝመራው ሲሰበሰብ ለሦስት ሳምንት እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ያን ጊዜ የሳቁት ሰዎች ባሉበት እኔው ራሴ እናገራለሁ። አያስፈልግም ብለሽ እንዳትከለክዪኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በዪልኝ። ይህንን ደብዳቤ አንብቢላት፤ ያፈርኩበትን ቦታ አትዝለዪ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እሱ ቢስቅም ሳቁን ያስጀመርኩት እኔ ነኝና አትዘኚበት። ትንሹን ልጅሽን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ፤ ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ ምን እንደሚመስል ፎቶ ይላክልኝ።

ለትልቋ ልጅሽ ደግሞ ደብዳቤዋ ከትናንት በስቲያ እንደደረሰኝ ንገሪያት። አስተማሪያቸው ጽሑፌን ክፍል ውስጥ እንዳነበበላቸው፣ አክስቴ ናት ብላ እንደተነሣች፣ ቤት ገብታ ስትጠይቅሽ አክስትሽ ጎበዝ ናት ብቻ እንዳልሻት ጽፋልኛለች። መጀመሪያ እንዴት እንዳየሁት እንድነግራትም ጠይቃኛለች። መልሱን ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር «ያየችው እናትሽ ናት» ይላል። ከዚያ በታች ያለውን አላውቀውም፤ አንቺ ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት።

ታናሽሽ

ከአፈር ምርመራ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ
መጋቢት 9 ቀን