የሰም ኮከብ

ውድ አባባ አርቪድ፣

«እንደምን ከረሙ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቆመ። ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም መሰለኝ። ግን እርስዎ እንደ ሌላው ሟች አልሆኑልኝምና እጠይቃለሁ፤ እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። ልጅዎ ጌይለን ጉልበቱን ያመዋል፣ ላሞቹ መውለድ ጀምረዋል፣ ነፋሱ ያው የሞንታና ነፋስ ነው። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጥርሴ አልከደን ብሎኛል። ለምን እንደሆነ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ወሬ ከመሃል መጀመር አልወድም።

በጥቅምት እርስዎን ቀብረን ስንመለስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት የተረፈውን የድንች ቂጣ ጠረጴዛው ላይ ሳላስቀምጥ ጌይለን ምን አለኝ መሰለዎት?

«ጠመንጃውንም መጭመቂያውንም ቨርነል ይወስዳቸዋል። ተነጋግረናል።»

ቨርነልን ያውቁታል፤ ያ ከሰው ግቢ ሲወጣ ባዶ እጁን የማይወጣው ጎረቤታችን። ከሬሳ ሣጥንዎ አጠገብ ቆሞ ነው ለካ የተነጋገረው።

«መጭመቂያውን እኔ እፈልገዋለሁ» አልኩት።

«ምን ልትሠሪበት? ቋሊማ?»

«አረር ልሠራበት።»

ሳቀ። ኀዘን ላይ ስለነበር ስቆ ደነገጠ። «ሮንዳ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ብረት ጋር ሲጣላ ነው የኖረው። ላንቺ ይታዘዛል?»

«ለሱም አልታዘዘም። ተላምደው ነው።»

እውነቴን ነው። እርሳሱን አቅልጦ ቅርጽ ማስያዙ ምንም አይደለም፤ ያን እኔም ከእርስዎ ጋር ስሠራው ኖሬያለሁ። መከራው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱን አረር በዚያ ጠባብ የብረት ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ልኩን ማስያዝ፣ በወገቡ ዙሪያ ያሉትን ቦዮች በቅባት መሙላት። እርስዎ እጀታውን ሲጫኑ አጠገብዎ ቆሜ ያቀበልኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እጀታውን ግን አስይዘውኝ አያውቁም። ጠመንጃውንማ ይተዉት።

ቅባቱንም እንደዚያው። ሰም፣ የበግ ሞራ፣ ትንሽ የሚንት ዘይት ቀላቅዬ ባመጣሁልዎት ቀን ያሉኝን አልረሳሁም። «ይሄ ቅባት ነው ከረሜላ? ኮከብ ካሳየኝ እበላዋለሁ።» ሚንቱ ለአይጥ ነው ብልዎት ማን ይሰማል። ያንን ከማርሽ ዘይት የተቀላቀለ ቀይ ቅባትዎን አይጥ ስንት ጊዜ ግጦታል።

ኮከቡን ያሳዩኝ ግን እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ጥሩ የተቀባ አረር ሲወጣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ጨረር ያለው የቅባት ቀለበት ትቶ ያልፋል። «ይሄን ካላየሽ ጠመንጃው ደርቋል፤ እርሳሱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል» አሉኝ። ጌይለንም ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ በዚያ የቀብር ምሽት ስንከራከር ቆይተን የጠመንጃውን ቁምሳጥን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

«በረዶው እስኪቀልጥ ጊዜ አለሽ» አለኝ። «መጭመቂያውን አስተካክለሽ፣ በአባቴ ጠመንጃ ተኩሰሽ፣ ኮከብ አሳዪኝ። ያኔ ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ካልሆነ ቨርነል መኪናውን ይዞ ይመጣል።»

ጠመንጃውን ራሱ ወልውሎ፣ አፈሙዙን በዘይት አብሶ ነበር ቁምሳጥኑ ውስጥ የቆለፈው። ቁልፉን ከሰንሰለት ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ይህንንም ያውቁታል። ከመጭመቂያው ላይ የአረሩን አናት የምትጫነዋ ብረት አለች አይደል፣ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ጠርዟ የተሸረፈችው? ከዚያ ወዲህ ያለፈው አረር ሁሉ አናቱ ላይ ቀጭን ጨረቃ ታትሞበት ነበር የሚወጣው። የተኩስ ክለቡ ሰዎች ከአፈሩ ክምር ውስጥ አረር ሲለቅሙ «አርቪድ ዛሬም ጨረቃውን ዘርቷል» እያሉ ይስቁብዎት ነበር። እርስዎም ብረቷን አልቀይርም ብለው ሙጭጭ አሉ። እኔ ሣጥኑ ከመከደኑ በፊት ኮትዎን የማስተካክል መስዬ የውስጥ ኪስዎ ውስጥ የከተትኳት እሷን ነው። ያቺ ጨረቃ የቨርነል እጅ ላይ ስትገባ ማሰብ አስጠላኝ። ማንም አላየኝም። ክዳኑ ሲዘጋ እዚያው ቆሜ ነበር።

ለመጭመቂያው አዲስ አናት መጫኛ በፖስታ አስመጣሁ። ጠርዟ ድፍን ናት፤ ምንም ምልክት አትተውም።

ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ትግሉ ተጀመረ። ቀዩ ቅባትዎ ብርድ ላይ ከርሞ እንደ ሻማ ደንድኗል። ቅባቱን የሚገፋውን ብሎን ባጠብቅ አልወጣ አለ። ይበልጥ እንዳላጠብቀው «ብረት በጉልበት አይለመንም» ሲሉኝ የነበረው ትዝ አለኝና የፀጉር ማድረቂያዬን አምጥቼ አሞቅኩት። ቀዩን ሁሉ አውጥቼ፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ የራሴን ቢጫ አፈሰስኩበት። ይቅርታ አልጠይቅም።

የመጀመሪያዎቹ አረሮች በአንድ ጎናቸው ደረቅ ሆነው ወጡ። አየር ነው አልኩ፤ ቅባቱ ውስጥ አየር ተይዞ ቀርቷል። አሙቄ፣ መታ መታ አድርጌ፣ ብሎኑን ቀስ ብዬ ሳዞር ከውስጥ «እህህ» ብሎ ተነፈሰ። አባባ፣ ልክ እርስዎ ከወንበር ሲነሱ። ትንፋሹ የሚሸተው ሚንት አልነበረም። ያቺ ከንፈርዎ ስር የሚይዟት ትንባሆ ናት የሸተተችኝ። እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁና ወደ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብኩ። ሳህኑ ንጹህ ነበር።

ቀጥሎ ቅባቱ ከአረሩ ሥር ማፍሰስ ጀመረ። ግፊት በዝቶበታል፣ ቅባቱን አፍኖ የሚይዘው ጎሚኒም አልቋል። ጎሚኒውን ቀየርኩ፤ ሥራ ስጨርስም ብሎኑን ማላላት ለመድኩ። ከዚያ ደግሞ እርሳሱን በአንድ በኩል ብቻ እየላጨ አስቸገረኝ፤ አዲሷ መጫኛ ተንጋዳ ገብታለች። እያወጣሁ መልሼ ሳስገባት ብዙ ሳምንት ሄደ።

ከዚያ ያልገቡኝ ነገሮች መጡ። እጀታውን ቀና አድርጌ እተወዋለሁ፤ ጠዋት ተጭኖ አገኘዋለሁ። መጋጠሚያው ላልቷል አልኩና አጠበቅኩት። አሁንም ይወርዳል። በደንብ ያላላሁት ብሎን ጠብቆ ይገኛል። እንደ ጡብ አርግቼ ያስቀመጥኩት ቅባት ደግሞ ይጎድላል። ጌይለንን ጠየቅሁት።

«አይጥ ነው» አለኝ ጋዜጣውን ሳይለቅ።

«አይጥ ሚንት ይበላል?»

«የሞንታና አይጥ ይበላል።»

አንድ ቀን ቀትር ላይ ነፋሱ ቆሞ፣ በረዶው ያለ አንድ ዱካ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከጓሮው ቁልቁለት በኩል ድምፅ መጣ። ከባድ፣ ሰፊ፣ ሲጠፋ የሚዘገይ። ሁለታችንም ማንኪያ እንደያዝን ቀረን።

«የኩሬው በረዶ ነው የተሰነጠቀው» አለ ጌይለን።

«አዎ» አልኩት። ኩሬው በሌላ በኩል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላም ሰምተነዋል። ስንሰማው ማውራታችንን እናቆማለን፤ ሲያልፍ ከቆምንበት እንቀጥላለን። ቤታችን ውስጥ ለድምፁ ቦታ የተተወለት ያህል ሆነ።

ልክ በረዶው መሸሽ ሲጀምር መጭመቂያው ታዘዘኝ። አረሩ ዙሪያውን እኩል ተቀብቶ፣ አናቱ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ያኔ ጠመንጃውን ከማውጣት በቀር ምክንያት አልቀረኝም። ሆኖም ቁልፉን እየነካካሁ ቀን ቆጠርኩ። እርስዎ ብቻ የነኩት ነገር ነዋ። ቨርነል ደግሞ ለጌይለን ደውሎ፣ «ከእሁድ በኋላ እመጣለሁ፣ ሚስትህ እስከዚያ ተጫውታ ትጨርስ» ብሎታል። ይሄ አናደደኝና ትናንት ጠዋት የዒላማውን እንጨት ተሸክሜ ወደ ቁልቁለቱ ወረድኩ።

እርስዎ በየክረምቱ ወደ በረዶ ክምር ይተኩሱበት የነበረው ቦታ ነው። በረዶ አረርን አያበላሽም፤ ሲቀልጥ ሣሩ ላይ እንደ እንቁላል አስቀምጦት ይሄዳል። ያለፈውን ዓመት አረር በባልዲ ለቅመን ጨርሰናል፤ አንድም አልቀረም፣ ራስዎ ተንበርክከው ፈልገዋል። ዘንድሮ ደግሞ በረዶ የወረደው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። በረጠበው ሣር ላይ፣ በከብት እበትና በጭቃ መሃል፣ ሚንት።

ጎንበስ አልኩ። አረሮች ሣሩ ላይ ተበትነው ነበር፤ ጠመንጃዎ ሲተኮስ የሚተወው መስመር ጎናቸው ላይ ተቀርጿል፣ ቦዮቻቸው ውስጥ ቢጫ ቅባቴ እንዳለ ነው። አንዱን አንስቼ በሽርጤ ጠረግኩና አናቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት።

ጨረቃው አለ።

ጀርባዬ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ተነስቶ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን አባባ፣ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ይፍለቀለቅ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ከረሜላ ያሉትን ተጠቀሙበት ማለት ነው።

እፍኜን ሞልቼ ገባሁና ጌይለን ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«የአምናው ነው» አለ ወዲያው።

«አምና ቢጫ ነበር?»

አንዱን አነሳ፤ አዞረው። «አሮጌዋን መጫኛ የት ነው የጣልሻት?»

«አባትህ ኪስ ውስጥ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የትኛው ኪስ?»

«የተቀበረበት ኮት ኪስ።»

ጌይለን ነገር ሲከብደው ጆሮውን እንደሚጎትት ያውቃሉ። ጎተተው። ከዚያ ተነሳና፣ «ቁልፉን አምጪ» አለኝ።

ቁምሳጥኑን አብረን ከፈትነው። ጠመንጃው እንዳስቀመጠው ቆሟል፤ የእንጨቱ ዘይት እንኳ አቧራ ይዟል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ግን ኮከብ ነበር። ሙሉ፣ ጨረሮቹ ያልተቆረጡ፣ ቢጫ። እንደዚያ የሚያምር ኮከብ በቀዩ ቅባትዎ አሳይተውኝ አያውቁም፤ ይህን ሳይቆጡ ይቀበሉ።

ጌይለን በጥፍሩ ጫፍ ነካና አሸተተው።

«ከረሜላ» አለ።

ኮከቡን ያሳየሁት እኔ አይደለሁም፤ ይህን ነገርኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ስልኩ ሄደ። ቨርነል ሲጮህ እኔ ካለሁበት ይሰማል፤ ቃል ሰጥተኸኝ፣ መኪና ተውሼ፣ ምን ማለት ነው፣ እያለ። ጌይለን አስጨረሰውና በዝግታ መለሰለት።

«አይ፣ ቨርነል። ባለቤቱ ገና እየሠራበት ነው።»

ዘጋውና እጁን ታጠበ፤ ታጥቦ ደግሞ እንደገና አሸተተው። ምሳ ላይ ለሦስት ሰው ሳህን እንዳቀረብኩ ያየሁት ከተቀመጥን በኋላ ነው። እሱም አላነሳውም።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ መጭመቂያው ሥር አስቀምጠዋለሁ። አጠገቡ አዲስ የቅባት ጡብ አለ፤ እበላዋለሁ ያሉትን ይቅር ብዬዎታለሁ። የመጋዘኑን በር አልቆልፍም። የኔን መጫኛ ሲነቅሉ መደርደሪያው ላይ ያኑሩልኝ፤ ለማቅናት ስንት እንደለፋሁ ያውቃሉ። ሥራ ሲጨርሱም እባክዎን ብሎኑን ያላሉ፤ ጎሚኒው አዲስ ነው።

ደግሞ በረዶው የለም፤ ጥጆቹን ጌይለን ወደዚያ ቁልቁለት አውጥቷቸዋል። ወደ ከብቶቹ በኩል አይተኩሱ።

አክባሪ ምራትዎ፣
ሮንዳ