ያላነበብኩት ግማሽ

ጥር 4
እንደ ሁልጊዜው ነው። ወንድምጋሼ ጌም ቤቱን ከፈተ፣ እኔ ጆይስቲኮቹን ጠረግኩ። ቁልፎቹ መሀል የሚገባው እድፍ በጥርስ ብሩሽ ካልሆነ አይለቅም። ሁለት ነጭ የጌም ማሽን፣ አንድ ሌላ ድርጅት የሠራው ጥቁር አለን። ከመንገዱ ማዶ ጢሞ የምንለው ጢማሙ ሰውዬ ሌላ ጌም ቤት አለው። እኛም ጋ እሱም ጋ ወረፋው ለአንድ ጨዋታ ነው... በገመድ የተሳሰሩ ሁለት ሰዎች ተራራ ይወጣሉ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዘዋል። ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ ነው አሉ።

ጥር 9
ወንድምጋሼ ስልኩን አቀበለኝ። "እስቲ አንብቢልን፣ የኔ ሊቅ።" እሱን ፊደል ያደክመዋል። እኔም ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ከሱ እሻላለሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው... ሁሉም ዞሮ አየኝ።
ጥቁሩን ማሽን የሚሠራው ድርጅት፣ የተራራውን ጨዋታ የሠራውን ስቱዲዮ ገዝቶታል። እስካሁን የወጡት ክፍሎች ግን በሁለቱም ማሽን ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።
"ጮክ በያ! አይጥ ናት እንዴ የምታነበው?" አለ ከኋላ አንዱ።
ሳቁ። "አለቀ" ብዬ ስልኩን መለስኩ። አላለቀም ነበር።
"ለኛም ይመጣል ማለት ነው፣ እሰይ!" አለ ወንድምጋሼ። ጥቁሩን ለጢሞ ሰጥቶ የሱን ነጭ ሊወስድ ነው፤ ጢሞ ጋ ያሉት ሌሎቹ ጥቁር ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱ ጆይስቲክ ሲበላሽ ከሌላው እንዋሳለን ይላል።

ጥር 10
ጠዋት ብቻዬን እስከ ታች አነበብኩት። ሦስተኛው ክፍል ለጥቁሩ ብቻ ነው።
ጢሞ ነጩን ታቅፎ መጣ። ወንድምጋሼ የጥቁሩን ገመድ ጠቅልሎ አስረከበው። እዚያው ቆሜ ነበር። "ቆይ" ማለት ብቻ... አንድ ቃል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 13
ልጆቹ "ሦስተኛው ለጥቁሩ ብቻ ነው" የሚል ወሬ ይዘው መጡ።
"አንቺ አንብበሽው አልነበር?" አለኝ ወንድምጋሼ።
"ያኔ... አልተጻፈም ነበር።"
አመነኝ።

ጥር 27
ጨዋታው ወጣ። እኛ ጋ ሦስት ነጭ ማሽን፣ አንድ ተጫዋች። እሱም ማዶ ወረፋ እስኪደርሰው ነው።
"ጥቁሩ ማሽን ከኛ ነጭ አይበልጥም" አለ ወንድምጋሼ። "ሰው ግን ማሽን ሊያይ አይመጣም፣ ሊጫወት ነው። የጥቁሩ ባለቤቶች ይሄን አውቀው የጨዋታውን ሠሪዎች ገዙ። እኛስ ምን እንግዛ?"
ጆይስቲክ ጠረግኩ። ማንም ያልነካውን።

የካቲት 2
ወንድምጋሼ ጢሞን ሰላምታ ነፍጎታል። "እያወቀ ነው ጉድ የሠራኝ። ጢሙን እያሻሸ!"
"የሰው ልብ ማን ያውቃል ልጄ" አለች እማዬ።
እኔ አውቃለሁ። ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ... ሌላ ውሸት።

የካቲት 5
መንገድ መሀል ተገናኙ። "አታላይ!" አለው ወንድምጋሼ።
"እኔ? ልጆቼን! ካንተ እኩል ነው የሰማሁት።"
ሰው ከሁለቱም ቤት ወጣ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ እንጃ። ስልኩን ይዤ መሀላቸው ገባሁና ዜናውን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ አላቆምኩም። "ለጥቁሩ ብቻ" እስከሚለው።
"ማሽኑ ሳይሄድ በፊት አንብቤዋለሁ" አልኩ።
ማንም አልሳቀም። ምነው በሳቁ ኖሮ!
ጢሞ ቀስ ብሎ "ጥቁሩን ልመልስልህ" አለ።
"አታላይ ብዬህ? በምን ዓይኔ!" ወንድምጋሼ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔን አላየኝም።

የካቲት 12
ወንድምጋሼ ጢሞን ይቅርታ ጠይቆታል። ጥቁሩ ግን እዚያው ማዶ ነው። ከነጮቹ ማሽኖች አንዱ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሳየው ፊቴ ይቃጠላል።
ዛሬ ሌላ ዜና መጣ። ሌላ ስቱዲዮ ተሽጧል፣ አሁን ገዢው ነጩን የሚሠራው ነው። ወንድምጋሼ ስልኩን ሰጠኝ። "የኔ ሊቅ" አላለም።
"እስከ ታች" አለ ብቻ።
ቀጣዩ ጨዋታቸው ለነጩ ብቻ ነው የሚለው ጋ ስደርስ ልጆቹ ጮኹ። ቀና ስል ጢሞ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደኛ ጥሏል።
ልጆቹን ዝም አሰኘኋቸው። እሱም እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።