የወንድሜን ሳንባ መሳቢያ ውስጥ ለቆለፉት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረጃውን ሳያለከልኩ ሲወጡ በዓይኔ ስላየሁ፣ ሳንባዎን ያቆይልዎ እላለሁ። እኔ ባለፈው ሐሙስ የመዝገብ ቤትዎን በር በመዶሻ የገነጠልኩት በያጅ ነኝ። ጠረጴዛውን የሰነጠቅሁትም እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ድንጋይ ሲጠርብ የኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ እያሳለው ደም እየተፋ ሲመጣ ሐኪማችሁ ዕጢው ገና ትንሽ ስለሆነ ተቆርጦ ይወጣል ብሎን ነበር። በጎድን አጥንቶቹ መካከል መርፌ ገብቶ ናሙና ሲወሰድ፣ ጋሼ የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ሲያጓራ እግሮቹን የያዝኩት እኔ ነኝ። የምርመራው ቅጽ ማኅተም ስላልነበረው ያ ናሙና መስኮት ደፍ ላይ አርባ አንድ ቀን ፀሐይ እንዲሞቅ ስላደረጋችሁ፣ እንግዳ አክባሪነታችሁን አደንቃለሁ።

፪. የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ ስለ ተገልጋይ እርካታ ሊሠለጥኑ ሄደው ነበር። ሌላ ማኅተም የለም ወይ ብዬ ስጠይቅ ጸሐፊዋ «ወንድሜ፣ ማኅተም እኮ እንደ ሚስት ነው፣ ለሰው አይሰጥም» አለችኝ። ለጋሼ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀና ግድግዳው ላይ ደም ተፋ።

፫. ኃላፊው ሲመለሱ ናሙናው ተበላሽቷል ተባለ፣ ጋሼም እንደገና ተወጋ። በዚህ መሐል ዕጢው የደም ሥር ስላቀፈ በቢላ የሚወጣበት ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ጨረርና ኬሞ ነው፤ እሱም ከዘገየ ማስታገሻ ይዞ ቤቱ ይተኛል አሉን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እናንተ ግን ሳትቸኩሉ አፈሰሳችሁ። ለጨረሩም ማኅተም ያስፈልጋል፣ ኃላፊው ደግሞ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና ሄደዋል።

መዶሻዬን ያነሣሁት ያኔ ነው። አልደብቅዎትም፣ በሩን ስቀጠቅጠው ይታየኝ የነበረው የእርስዎ ግንባር ነው፤ ደስም ብሎኛል። እንዳላጣው ፈርቼም ነበር፤ ያሳደገኝ ጋሼ ነው። መሳቢያውን ሰብሬ ቅጹ ላይ ማኅተሙን ራሴ መታሁበት። የጨረር ክፍሉም ማኅተሙን ብቻ አይቶ ለሰኞ ቀጠረን።

፬. ጥበቃዎችዎ ሁለት ጥርሴን ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ቅጽና ያለ ማኅተም ስለነቀሉልኝ፣ ፈጣን አገልግሎት በቤታችሁ እንዳለ ተረድቻለሁ።

፭. ኃላፊው በአስቸኳይ ተጠርተው የጋሼ ቀጠሮ የተሰረዘበትን ደብዳቤ በዚያው ዕለት አትመው ስለላኩልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙም ደምቆ ነው የተመታው።

ትንፋሽ እንዳያጥርዎ ከልቡ የሚመኝልዎ፣
በዋስ የተለቀቀው ትሑት ተገልጋይዎ

የረሳሁት፦ ሰኞ ጠዋት ጋሼን በጀርባዬ አዝዬ እመጣለሁ። የጨረር ክፍሉን የብረት በር የሠራሁልዎ እኔ ስለሆንሁ፣ ማጠፊያው በስንት ምት እንደሚወልቅ አውቃለሁ። ክፍት ሆኖ ካገኘሁት ግን ጫማዬን ጠርጌ እገባለሁ።