የትምህርት ክፍልሽ ሰዎች እንቅልፍ ነሱኝ

ውዴ ሰናይት፣

ሙት ዓመትሽ ደረሰ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ሐዘኑ ከብዶኝ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ባልደረቦችሽ ፋታ ስላልሰጡኝ ነው።

ቤቱን ላውራሽ። ሳሎኑን ቀለም አስቀባሁት፤ አንቺ የማትወጂውን ቢጫ፣ ሌላ ስላጣሁ። ልጃችን ሐረር ሥራ ጀምራለች። ታይዋን ገበያ ያለው ሱቃችንም እንደምንም ቆሟል። ቀትር ላይ ዘግቼ እመጣለሁ፤ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ በዚያ ሰዓት ከመተኛት ሌላ ምን ይሠራል? የሶሲዮሎጂ አስተማሪ ግን አይተኛም። ገና ጋደም ከማለቴ በሩ ይንኳኳል።

አንድ ቀን ጌታሁን ነው። ባንቺ ቦታ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ጎብጧል። ሊያጽናናኝ እንደመጣ ነግሮኝ ይቀመጥና ባልደረባውን ኢፍቱን ያማልኛል። በማግስቱ ኢፍቱ ከቀፊራ ገበያ ማንጎ ገዝታ ትመጣለች፤ ማንጎውን ሳንጨርስ ጌታሁንን ትጀምራለች። የሚጣሉት ባንቺ ኮርስ ነው። የቤተሰብ ሶሲዮሎጂ እሱም ለእኔ ይገባል ይላል፣ እሷም ለእኔ ትላለች። በአንድ ኮሪደር እየተላለፉ ሰላም አይባባሉም። ሌሎቹ መምህራንም ጎራ ለይተው ሻይ እንኳ ለየብቻ ነው የሚጠጡት። ስለ ዕድርና ስለ ሽምግልና ሲያስተምሩ ግን ምላሳቸው ማር ነው አሉ። ባለ መድኃኒት ራስህን ፈውስ የሚላቸው ጠፋ።

አንቺ እንዴት እንደቻልሻቸው እንጃ። ተማሪዎችሽን ለመስክ ሥራ መልካ ጀብዱ ስትወስጂ አብሬሽ የሄድኩ ቀን፣ ሁለቱ በገቢና ወንበር ተጣሉ። አንቺ ምንም ሳትናገሪ ገቢና ገብተሽ ቁጭ አልሽ፤ እነሱ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስንደርስ እየሳቁ ወረዱ። እኔ ይህን ችሎታ ከየት ላምጣ?

ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የናንተ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ሂዱና እዚያው ጨርሱት አልኳት ኢፍቱን። እሷም፣ «አቦ ጋሼ፣ ሆስፒታል ሳለች እሷ እኮ ናት ያስማለችን። ስትጣሉ እሱ ጋ ሂዱ፣ ብቻውን እንዳይውል ብላ» አለችኝ።

ተናደድኩብሽ፣ ሰናይት፤ ከልቤ ነው። በዚያ ሕመም ላይ ሆነሽ የእኔን ውሎ ታስቢ ነበር? ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም? ኢፍቱ ስትሄድ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከቀብርሽ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ለሙት ዓመትሽ ሁለቱንም ጠርቻለሁ። እሱ እሷ ካለች አልመጣም ብሏል፣ እሷም እንደዚያው፤ ሁለቱም እንደሚመጡ አውቃለሁ። ኮርሱን ማን ያስተምር በሚለው አልፈርድም፤ ጠባቸውን ግን ከእንግዲህ ሳልነጫነጭ ባይሆንም እሰማለሁ። አትርሳኝ ብለሽ አልተናዘዝሽኝም። ምን ያደርግልሻል? ስምሽን ሳያነሳ የማይውል ሰው መድበሽብኝ ሄደሻል።

ያንቺው፣
ተፈራ